የወገብ ኪኒንና የጾም ሰዓት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራ ፈት የሆንኩ የመሰለው ሰው ካለ ልደታ ኮንዶሚኒየም ይምጣና አንድ ቀን በሬን ይጠብቅልኝ። ቁርሴን ሳልጨርስ ይንኳኳል። አንዱ ኪኒኑን በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል፤ ሌላዋ የባሏን የወገብ መድኃኒት ይዛ "ሙኒራዬ፣ ይቺ ለጉልበትስ ትሆናለች?" ትለኛለች። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ያጉረመርም ነበር፤ አሁን ራሱ በሩን እየከፈተ "ፋርማሲው ክፍት ነው፣ ግቡ" ማለት ጀምሯል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ከመስኮት ጀርባ ቆሜ መድኃኒት ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሥራዬንም በደንብ አውቀው ነበር። ይህን ስል አላፍርም፣ በቀላሉ ያወቅሁት አይደለማ።

በእጄ ካለፈው መድኃኒት ሁሉ ስለ አንዱ ዓይነት ብቻ ላውራ። ወገብ ሲያዝ፣ አንገት ሲደርቅ፣ ጉልበት ሲቆጣና ሲያብጥ ስለሚታዘዘው። ሐኪም ብዙ ጊዜ ሁለት አድርጎ ያዘዋል፤ አንደኛው ሕመሙንና እብጠቱን የሚቀንስ፣ እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ፣ ሁለተኛው የተኮማተረውን ጡንቻ የሚያላላ። የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይጠነቀቃል፣ የስኳርም እንደዚሁ፤ በሽታው ራሱ ያስፈራዋል። የወገብ ኪኒን ግን እንደ ከረሜላ ነው የሚታየው። ለጎረቤት ይሰጣል፣ በቦርሳ ይዞራል፣ የተረፈው ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል። ከሰው ጋር ያጣላኝም፣ ያስለቀሰኝም፣ ያኮራኝም ይኸው ኪኒን ነው።

ሥራ የጀመርኩት በትውልድ አገሬ በወልቂጤ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። የመድኃኒት ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ አንድ ሰው ሲገባ ሌላው መውጣት ነበረበት። ማንበብ ለማይችል ሰው የኪኒኑ ፖስታ ላይ የምትወጣ ፀሐይ፣ አናት ላይ የደረሰች ፀሐይና ጨረቃ እስልለት ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ጨረቃዋን ትኩር ብለው አይተው "ጨረቃ ያልወጣች ዕለትስ?" ብለው ጠየቁኝ። ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄያቸው ልክ መሆኑ ገባኝና ከዚያ በኋላ በጨረቃዋ ፈንታ መደብ ላይ የተኛ ሰው መሳል ጀመርኩ። ሥዕሌ እንዳያምር ሆኖ ያምር ነበር፤ የተኛውን ሰው አይተው "ይሄ ሞቷል እንዴ?" የሚሉኝም አልጠፉም።

ቀጥሎ አዲስ አበባ ተዛውሬ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል መጋዘን ተመደብኩ። የመጋዘኑ ኃላፊ ማኅተም የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ወረቀት ላይ ቦታ ከተረፈ ሳይመቱበት አያልፉም። ዕቃው ሞዴል በሚባል ቅጽ ገብቶ በሞዴል ይወጣል፣ እኔም በሞዴል የገባሁ እየመሰለኝ መጣ። የትኛው ካርቶን የት እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ፤ ማን እንደሚውጠው ግን አላውቅም። ስለ ደመወዙ ዝም ብል ይሻላል። ሰው ናፈቀኝና ለቀቅሁ።

ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የግል ፋርማሲ የገባሁት ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ጡረታዬም ከዚያ አልወጣሁም። ባለቤቱ አቶ ሽኩር ከመርካቶ ንግድ የመጡ፣ ፈጣንና ተጫዋች ሰው ናቸው። ሰልፍ ሲረዝም ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ሰልፍ ሲጠፋ ደግሞ በሩን ያያሉ። የፋርማሲው ኃላፊ ግን ጋሽ ደጀኔ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። ሙያ የተማርኩት ከትምህርት ቤት ነው፤ ሥራ የተማርኩት ግን ከእሳቸው ነው።

ጋሽ ደጀኔ ረዥም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋናቸውን በየቀኑ ቤታቸው ተኩሰው የሚመጡ ሰው ነበሩ። የማይለቁት አንድ ልማድ ነበራቸው። የኪኒኑን ፖስታ ለደንበኛው ይዘረጉለታል፣ ደንበኛውም ይይዘዋል፤ እሳቸው ግን አይለቁትም። ሁለቱም ፖስታውን እንደያዙ "እስቲ እንዴት እንደምትወስደው አንተ ደግሞ ንገረኝ" ይሉታል። በትክክል እስኪነግራቸው ጣታቸው አይላላም። አንዳንዱ ይናደዳል፣ አንዳንዱ ይጎትታል። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጠበቃ ችሎት ረፍዶበት "ጋሼ፣ ከፍዬበታለሁ እኮ" ቢላቸው "የከፈልከው ለኪኒኑ ነው፤ አወሳሰዱን ገና አልተረከብክም" አሉት። ጠበቃው ሳይወድ በግዱ ሳቀና ደገመላቸው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ጥያቄ አላቸው። ዛሬ ምን በላህ? ጨጓራ አለብህ? ደም ግፊት፣ ኩላሊት? ቤትህ ውስጥ ሌላ ምን ኪኒን አለ? ሥራህ ምንድን ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ መጀመሪያ ላይ ወሬ ፍለጋ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ የሚኒባስ ሹፌር ወገቡን ይዞ፣ ጡንቻ የሚያላላውን ኪኒን በቀን ሦስት ጊዜ የሚል ማዘዣ ይዞ መጣ።

"ሥራህ ምንድን ነው?" አሉት ጋሽ ደጀኔ።

"ሹፌር ነኝ፣ ታክሲ።"

"ለሐኪሙ ነግረኸዋል?"

"አልጠየቀኝም።"

"ይቺ ኪኒን እንቅልፍ ታመጣለች። ጠዋት ውጠሃት ከወጣህ ጦር ኃይሎች ሳትደርስ ትተኛለህ።"

"ኧረ እኔ እንቅልፍ ቶሎ አይጥለኝም፣ ፋዘር።"

"አንተን አይደለም ያሰብኩት፣ ከኋላህ የተቀመጡትን ነው" አሉትና ስልኩን አንሥተው ሐኪሙ ጋ ደወሉ። ሐኪሙም አመስግኖ ሹፌሩ ማታ ከገባ በኋላ ብቻ እንዲወስድ፣ ቀን ደግሞ እንዳይነካት አስተካከለለት። "አልኮልም የለም" ብለው ጨመሩበት ጋሽ ደጀኔ፤ "ኪኒኗም ታስተኛለች፣ አረቄውም ያስተኛል፤ ሁለቱ ከተጋገዙ ማን እንደሚቀሰቅስህ አላውቅም።" ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰውን ሥራ መጠየቅ ወሬ አልመስል አለኝ።

ሌላው ጥያቄያቸው የጾም ነበር። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ ግን እንደ እኔና እሳቸው የተግባባ አልነበረም። ዳይክሎፌናክና መሰሎቹ ባዶ ሆድ ላይ ሲወርዱ ጨጓራን ያቆስላሉ። ስለዚህ ፖስታው ላይ "ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ" ተብሎ ይጻፋል። ሁዳዴ ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው ይህን ጽሑፍ ምን ያደርገዋል? አንዱ ሰዓቱን አክብሮ ጠዋት በባዶ ሆዱ ይውጣል። ሌላው ምግቡን አክብሮ የቀኑን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ይውጣል። በእኛም ረመዳን ሲገባ እንደዚያው ነው፤ የሁለቱን ጊዜ አንድ ላይ ከቴምሩ ጋር የሚያወርድ አጎት ነበረኝ። ይህ የሞኝ ስሕተት አይደለም። የአምላኩንም የሐኪሙንም ቃል ባንዴ ለመጠበቅ የሚጣጣር ሰው ስሕተት ነው። ስለዚህ ጋሽ ደጀኔ "ከምግብ በኋላ ነው" ብለው ብቻ አያልፉም፤ "ስንት ሰዓት ነው የምትበላው?" ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ካልጣማቸው ወይ ሐኪሙ እንዲቀይርለት ይደውላሉ፣ ወይ ሰውየውን ወደ ንስሐ አባቱ ይልኩታል። እኔም የእኛን ሰዎች ወደ ሼኻቸው መላክ ከእሳቸው ተማርኩ።

"መርፌው ይሻለኛል፣ ሆድ አይነካም" የሚልም አለ። ይህን የማያምን የልደታ ሰው የለም ብል ማጋነን አይሆንም። የዚሁ መድኃኒት መርፌም በደም ዞሮ ጨጓራው ጋ ይደርሳል። ይህን ለማስረዳት ያፈሰስኩት ምራቅ አንድ ጀሪካን ይሞላል።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። አቶ ታፈሰ የሚባሉ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ዣንጥላ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ጽሑፋቸው የሚያምር፣ ጨዋታቸው የሚያምር። ቀኑን ሙሉ አንገታቸውን ወረቀት ላይ ደፍተው ስለሚውሉ አንገታቸው ደርቆ መዞር እስኪያቅታቸው ደረሱ። ሐኪም ለአጭር ጊዜ መድኃኒት አዘዘላቸው፣ እኔም ሰጠኋቸው፣ በደንብ አስረዳኋቸው፣ ተሻላቸው። ብዙም ሳይቆዩ ያለ ማዘዣ ተመልሰው መጡ።

"ዶክተርዬ፣ ያቺን ተአምረኛ ስጪኝ።"

"የደም ግፊት ኪኒን ይወስዳሉ አይደል?"

"እሱማ የዘወትር ነው።"

"እንግዲያው ይቺ ከእሱ ጋር አትስማማም። ግፊትዎን ትጨምራለች፣ ኩላሊትዎንም ትጎዳለች። ያለ ሐኪም አልሰጥዎትም።"

"ባልጽፍ እኮ አልበላም፣ ዶክተር። አንገቴ ነው እንጀራዬ።"

"አይሆንም፣ አቶ ታፈሰ።"

ስቀው ሄዱ። በሌላ ጊዜም መጡ፣ አሁንም አይሆንም አልኩ። ከዚያ በኋላ መምጣት ተዉ። በመንገድ ሳልፍ ዣንጥላው ሥር አያቸዋለሁ፣ አንገታቸው ደህና ነው፣ ይጽፋሉ፣ እጃቸውን ያነሡልኛል። ሐኪም ቤት ሄደው ሌላ መፍትሔ ያገኙ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካ ከሰንጋ ተራ እስከ ጌጃ ሰፈር ያቺን ኪኒን ያልገዙበት ሱቅና መድኃኒት ቤት አልነበረም፤ ሲብስባቸውም መርፌውን ይጨምሩበታል። ዣንጥላው የጠፋ ጊዜ ስጠይቅ ኩላሊታቸው ደክሞ እጥበት ጀምረዋል አሉኝ። ሄጄ ጠየቅኋቸው። ፊታቸው አብጦ፣ ያ ሁሉ ጨዋታ ጠፍቶ "አንቺስ ነግረሽኝ ነበር" አሉኝ። ያ ቃል ከስድብ ይብስ ነበር። ዓመቱ ሳይደርስ አረፉ።

ለጋሽ ደጀኔ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። እንደሚያጽናኑኝ ጠብቄ ነበር። "ትክክል ሠርተሻል" ይሉኛል ብዬ።

"ባለመሸጥሽ ትክክል ነሽ" አሉ። "ከዚያ በኋላስ?"

"ምን ላድርግ? ሰውየው ሄዱ።"

"አንቺ 'አይሆንም' ስትዪ በሩ ለአንቺ ነው የተዘጋው። ለእሳቸው ሌላ በር ሞልቷል። የከለከልሽውን ሰው ሕመሙን ይዞ እንዲወጣ አትተዪው። ለሕመሙ ምን እንደሚያደርግ ሳታውቂ አትሸኚው።"

ተቆጣሁ። ሌላው ቤት በሸጠው እኔን ምን አገባኝ አልኩ። ዛሬም ቢሆን አቶ ታፈሰ ያለ ማዘዣ ቢመጡ አልሸጥላቸውም። ግን ወንበር ስቤ አስቀምጣቸዋለሁ፣ ሐኪማቸው ጋ እደውላለሁ፣ ስለ ጠረጴዛቸው ከፍታ እጠይቃለሁ፣ አንገታቸውን በሙቅ ፎጣ እንዲይዙት፣ በየመሐሉ እንዲነሡ፣ ወጌሻ ሳይሆን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዲያያቸው እነግራለሁ፣ ካልመጡ ደግሞ ዣንጥላቸው ድረስ እሄዳለሁ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የሠራሁት። አቶ ሽኩር "እህቴ፣ አንቺ ፋርማሲ ነሽ ወይስ እድር?" እያሉ ቢያሾፉብኝም ከደንበኛው መስኮት አጠገብ ወንበር ያስቀመጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ጋሽ ደጀኔ ካረፉ በኋላ የኃላፊነቱ ቦታ ለእኔ ሆነ። ብዙ ዓመት አለፈ። ባለፈው ሁዳዴ፣ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ ሰናይት ወደ ፋርማሲው መጣች። ሰናይት እዚሁ እኛ ሕንፃ ላይ፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ከእናቷ ከእማማ ዘውዴ ጋር የምትኖር፣ ቢሮ የምትሠራ ልጅ ናት። እማማ ዘውዴ በሕንፃው የታወቁ አስታራቂ ናቸው፤ የሁለት ጎረቤቶች ጠብ ከእሳቸው ሳሎን አልፎ ቀበሌ ደርሶ አያውቅም።

"እትዬ ሙኒራ፣ የእማዬ የወገብ መድኃኒት አልቆባት ነው። ባዶውን ፖስታ ይዤልዎታለሁ፣ ያንኑ ይስጡኝ።"

ፖስታውን አየሁት። ከሌላ ቤት የተገዛ ነው፣ ጽሑፉም እንከን የለውም፤ ዳይክሎፌናክ፣ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ፣ ለአምስት ቀን።

"ማዘዣ አለሽ?"

"የለኝም። ግን አሽሏታል፤ ደጋግመን ገዝተንላታል፣ ስታቆም ነው የሚመለስባት። አሁን ደግሞ ትንሽ ደክሟታል።"

ድካም የሚለው ቃል ቀጥ ብሎ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። አይሆንም ብዬ ብመልሳት ሁለት ሱቅ አልፋ ታገኘዋለች። "አልሸጥልሽም" አልኳት፤ "ሌላ ቤትም አትሂጂ። አሁን አብሬሽ መጥቼ እናትሽን ላያቸው።" ጋዋኔን አውልቄ ሥራውን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ወጣሁ። አቶ ሽኩር ሰልፉን አይተው አፋቸውን ከፈቱ፣ ፊቴን አይተው ዘጉት።

እማማ ዘውዴ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው አገኘኋቸው። ከንፈራቸው ነጣ ብሏል። እጃቸውን ስጨብጥ ይቀዘቅዛል። ከአጠገባቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ሌላ ዓይነት ኪኒን ተቀምጧል።

"እማማ፣ እህል ቀመሱ?"

"ምን እህል? ሁዳዴ አይደል እንዴ። ቅዳሴ ሳይወጣ እበላለሁ?"

"የወገቡን ኪኒንስ መቼ ነበር የሚወስዱት?"

"ጠዋት ጠዋት በጠበል እውጣለሁ። ማታ ደግሞ ሁለተኛዋን።"

"ከምግብ በኋላ ነው የሚለው እኮ።"

"እሱማ ለፍስክ ነው" አሉኝ፣ በእኔ አለማወቅ እያዘኑ።

ብርጭቆ ውስጥ ያለውን አነሣሁ። አይቡፕሮፌን ነው። "ይቺስ?"

"እሷን ጎረቤታችን የአስቴር እናት ናት የሰጠችኝ። እሷን በጣም ነው ያሻላት። ያኛው እንዳያልቅብኝ ቀን ቀን በእሷ እደግፈዋለሁ።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ስማቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይደግፍም፣ ሁለቱ ተባብረው ጨጓራውን ነው የሚቦረቡሩት። እሱም በባዶ ሆድ፣ በዕድሜ በገፋ ሰው፣ ከታዘዘው ቀን በላይ። ቀጥሎ የምጠይቀውን ጥያቄ ሰናይት ባትሰማ በወደድኩ።

"እማማ፣ ሰገራዎ መልኩ እንዴት ነው?"

ሰናይት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በጾም አፍ?" አሉ እማማ ዘውዴ።

"ይንገሩኝ።"

"ጥቁር ነው። ተልባ አበዛሁ መሰለኝ ሰሞኑን።"

"ጥቁረቱ እንደ ምን ነው?"

ትንሽ አሰቡ። "እንደ ሬንጅ" አሉ። "ይለጠፋል።"

ተልባ ሰገራን እንደ ሬንጅ አያደርግም። ውስጥ የሚፈስ ደም ነው እንዲህ የሚያደርገው። ሴትየዋ ሶፋቸው ላይ ጋደም ብለው፣ አንድ ጠብታ ሳይታይ፣ ደማቸው እያለቀ ነበር። "አሁኑኑ ሆስፒታል እንሄዳለን" አልኩ።

"አልሄድም።"

"እማማ..."

"አውቀዋለሁ እኮ ሆስፒታሉን። ብዪ፣ ጠጪ ይሉኛል፣ ጾሜን ያስገድፉኛል። ሕማማት ደርሶ። ዕድሜዬን ሙሉ ያልገደፍኩትን። አንቺስ ብትሆኚ በረመዳን ገድፊ ቢሉሽ ትገድፊያለሽ?"

"ስታመም እገድፋለሁ። ለእኛም ተፈቅዷል።"

"ያንቺን አንቺ ታውቂያለሽ፣ የኔን ደግሞ እኔ" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ልሟገታቸው እችላለሁ፣ ነገር ግን በሃይማኖታቸው ጉዳይ ከእኔ ከሙስሊሟ ጋር በሚደረግ ሙግት እሳቸው ካልተሸነፉ ይሞታሉ፣ ቢሸነፉም ልባቸው አይቀበለውም። ጊዜ ደግሞ የለም። "ሰናይት፣ የንስሐ አባታቸው ስልክ አለሽ?" አልኳት። ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ አይነሣም። ደገመች። በዚያች ደቂቃ የአቶ ታፈሰ ያበጠ ፊት ዓይኔ ላይ ነበር፤ ስለ እኚህም "ነግሬያቸው ነበር" ልል ነው ብዬ ፈራሁ። በሦስተኛው ተነሣ። ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

"አባ፣ እማዬ ታማብኛለች፣ ሆስፒታል አልሄድም አለች" አለች ሰናይት።

"ማን አለ አጠገባችሁ?"

"ፋርማሲስቷ አለች፣ ጎረቤታችን፣ ሙኒራ።"

"ምን ትላለች እሷ?"

እኔ ተናገርኩ። "አባ፣ ጨጓራቸው እየደማ ነው። መድኃኒቱን በባዶ ሆድ ወስደውታል፣ ከሌላም ጋር ደባልቀውታል። ዛሬ ካልታከሙ አይተርፉም ብዬ እፈራለሁ።"

ከአባ ጀርባ የሰው ድምፅ ይሰማል።

"ወለተ ሚካኤል" አሉ በክርስትና ስማቸው ጠርተው። "ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማለሁ፣ አባቴ።"

"የጾሙ ነገር በእኔ ይሁን። የሆድሽን ነገር እሷን ስሚ። አሁን ተነሺ።"

እማማ ዘውዴ ለመነሣት ሞከሩ፣ አዞራቸው። ሊፍት የለንም። የሕንፃው ልጆች በወንበር ተሸክመው አወረዷቸው፤ እሳቸው ወንበሩ ላይ ሆነው "ቀስ፣ ግድግዳውን እንዳትልጡ" እያሉ ያዝዙ ነበር። ሆስፒታል ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮ ገብቶ ጨጓራቸው ሲታይ የደማ ቁስለት ተገኘ። ደም ተሰጣቸው፣ ቁስሉም ታከመ። ያዩዋቸው ሐኪም የትኞቹን ኪኒኖች፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እንዴት እንደወሰዱ ሲጠይቁ ሁሉንም ይዤ ስለሄድኩ በዝርዝር ነገርኳቸው። "ይህን ያህል ነገር ይዞ የሚመጣ አስታማሚ ብርቅ ነው" አሉኝ። አስታማሚ አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ አልኳቸው። ያን ቀን ያን ቃል ስናገር እንደተሰማኝ ኩራት በሕይወቴ ተሰምቶኝ አያውቅም። ጋሽ ደጀኔ ቢኖሩ ብዬ እዚያው ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

ለፋሲካ ቤታቸው ገቡ። የአስቴር እናትም ፈርታ ቤቷ ያለውን ኪኒን ሁሉ ጆንያ በሚመስል ፌስታል ይዛልኝ መጣች፤ ግማሹ ጊዜው ያለፈበት ነበር። ሰኔ ላይ ጡረታ ወጣሁ። አቶ ሽኩር ንግግር አደረጉ፣ ስለ ሰልፉ ምንም አላሉም።

ነሐሴ ሲገባ አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እማማ ዘውዴ በከዘራ ተደግፈው ቆመዋል፣ ነጠላቸው ንጹሕ፣ ፊታቸው ሞላ ብሏል። አስገባኋቸው።

"ፍልሰታን ልጾም ነው" አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

"ሐኪሙን አማከሩ?"

"አማክሬያለሁ። ቁስሉ ድኗል፣ የዚያ ዓይነቱን ኪኒን ግን ዳግመኛ በዓይንሽ እንዳታዪው ብለውኛል። የንስሐ አባቴም እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ብለው ፈቅደውልኛል። የቀረሽው አንቺ ነሽ።"

"እኔ?" አልኩ። "እማማ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። አሁን ደግሞ ጡረተኛ ነኝ።"

"እሱን አጥቼው መጣሁ? ትፈቅጂልኛለሽ ወይስ አትፈቅጂልኝም?"

ባለቤቴ ከጓዳ ሆኖ ያዳምጣል፣ ሳቁን እንደያዘ ያስታውቃል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ወንበሬን ወደ እሳቸው ስቤ ጠየቅኋቸው። ወገብዎን ሲይዝዎ ምን ያደርጋሉ? ሙቅ ውኃ በላስቲክ፣ ሐኪሙ የፈቀደው ፓራሲታሞል፣ ከመጠኑ ሳላልፍ፣ አሉ። ሰገራዎ ከጠቆረ? ጾሙን ትቼ ሆስፒታል። ሰው ሌላ ኪኒን ቢሰጥዎ? "ኪኒኑንም ሰጪዋንም ይዤ እዚህ እመጣለሁ።"

ሌላ የምጠይቀው አጣሁ። ከዚያ መስኮት ጀርባ በቆምኩበት ዘመን ሁሉ ብዙ ሰው ከልክያለሁ፣ ብዙ ሰው አስቀይሜያለሁ፣ አንዳንዱ ዛሬም በመንገድ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ለመፍቀድ ግን እንደዚያ ቀን ልቤ ሞልቶ አያውቅም።

"ይጹሙ፣ እማማ" አልኳቸው።

ፍልሰታን እስከ መጨረሻው ጾሙ።